አንድ ዓይነት ነገር የሚሸጡ ጎረቤታሞች

አንድ ወንድማችን ጥሩ ነገር ጠይቋል፦ «ትንንሽ የደሴት አገሮች የሚሸጡት ያው አንድ ዓይነት ነገር ከሆነ፣ መተባበራቸው ምን ይጠቅማቸዋል?» እኔ ሐዋሳ አሞራ ገደል 11 ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ። ወንድሜ፣ የሚጠቅማቸው አንድ ዓይነት ነገር ስለሚሸጡ ነው።

እኛ መረብ ማታ ጥለን ንጋት ላይ እናወጣለን። ጀልባው ዳር ሲደርስ ነጋዴው ይዞርሃል። «ያኛው በዚህ ዋጋ ሰጥቶኛል» ይልሃል። ማን ያጣራል? ፀሐይዋ እየበረታች ነው፣ የቆሮሶው ዓይን መደፍረስ ጀምሯል። ትሸጣለህ። እኔም አንድ ቀን የጎረቤቴን ዋጋ ሰበርኩ፣ በማግስቱ እሱ የኔን ሰበረ። መረብ መጠገኛ እንኳ አልተረፈንም።

ፓስፊክ ላይም ነገሩ ይኸው ነው። እዚያ ቱና ከሚያጠምዱት ብዙዎቹ ከሩቅ የሚመጡ መርከቦች ናቸው፤ ደሴቶቹ የሚሸጡት በባሕራቸው የማጥመድ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደሴቶቹ የናውሩ ስምምነት የሚባለውን የዓሣ ሀብት የትብብር ውል ፈረሙ። ዛሬ ስምንት ናቸው፤ ኪሪባቲ፣ ፓላው፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ አሉበት። ሕዝቧ 11 ሺህ ገደማ የሆነው ቱቫሉም አለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ፈቃዱን አንድ መርከብ በሚያጠምድበት ቀን ቆጥረው ይሸጣሉ። የቀኑን ብዛት አብረው ይወስናሉ፣ ይካፈላሉ፣ የዋጋ ወለልም አላቸው። ወለሉ በቀን 8,000 ዶላር ደርሷል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቱና አንድ ቦታ አይቀመጥም። ኤል ኒኞ ሲመጣ ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ዓሣውም ይከተለዋል። ያኔ ዓሣ የራቃት አገር የተረፏትን ቀናት ዓሣው ለሄደባት መሸጥ ትችላለች። ባዶ እጇን አትቀርም።

እኛ የጎደለን ይኼ ነበር። ስድስት ሆነን «ከዚህ በታች አንሸጥም» ተባባልን፤ ወር አልሞላም፣ ፈረሰ። ያፈረሰው ሦስት ቀን መረቡ ባዶ የወጣበት ልጅ ነው። በአራተኛው ቀን ትንሽ ቢያገኝ በተጠየቀው ዋጋ ሸጠ። ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉ፣ አልፈርድበትም። እንደገና ስንስማማ ባዶ ለገባ ሰው ከዕለቱ ሽያጭ እንድናዋጣ አደረግን። እስካሁን አለን።

መግዛት ላይም ይሠራል፤ የምሥራቅ ካሪቢያን ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ መድኃኒት በጋራ ይገዛሉ። አንተ ግን ስለ አንድ ስምምነት ስታነብ መጀመሪያ ይኼን ፈልግ፦ ዓሣው የሸሻት አገር በዚያ ዓመት ምን ታገኛለች?