ስምንተኛው ሺህ ከገባ ዛፍ መትከል ምን ይረባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ደቡብ ጎንደር ነው። ምንጩ ሲደርቅ፣ ዝናቡ ሲዛባ ሳይ «ልጆቼን ምን ይጠብቃቸው ይሆን?» እያልኩ እጨነቃለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ስምንተኛው ሺህ ነው፤ ለሚያልፍ ዓለም ምን ያደክማል?» ይላሉ። እውነት ዛፍ መትከል ለነፍስ ይረባል? የሰንበቴ ማኅበራችን አምና በደብሩ ቅጽር የተከለው ችግኝም አብዛኛው ደርቋል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ስለ ልጆችሽ መስጋትሽ የእምነት ጉድለት አይደለም። በመጀመሪያ ስለ ስምንተኛው ሺህ። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን) የሚገኘው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ነው። ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው፤ ስምንተኛው የገባው ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡ ሰሞን ነው ማለት ነው። ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ዘመን የነበሩ አባቶች «ደረሰ» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ኖሮ፣ በየደብሩ የምናየው ጽድና ወይራ ከየት ይመጣ ነበር? ወራትንና ዘመናትን ማወቅ ለእኛ አልተሰጠንም (ሐዋ. 1፥7)። የተሰሎንቄ ምእመናን «የጌታ ቀን ደርሷል» በሚል ወሬ ሲናወጡም ሐዋርያው አረጋጋቸው፤ ሥራ ፈተው የሚዞሩትንም ሠርተው እንዲበሉ አዘዛቸው (2ኛ ተሰ. 2፥2፤ 3፥10-12)።

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ ሲተክል በሰው አገር እንግዳ ነበር፤ ምድሪቱን የወረሱት ልጆቹ ናቸው (ዘፍ. 21፥33-34)። እኛም በቅዳሴ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። እንዲህ ለምነን ስናበቃ በምንጩ አፋፍ ባሕር ዛፍ ብንተክል ጸሎታችንን በእጃችን እናፈርሳለን። ባሕር ዛፍ ለደብሩ ገቢ ካስፈለገ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ ይተከል።

ችግኙ የደረቀበትን ምክንያት ሳላይ መናገር አልችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከተከላው ጊዜ፣ ችግኙ ካደገበት ላስቲክና ከከብቱ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል እሱ ወደ ሥሩ ይግባ። ተከላው መሬቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲርስ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥሩ ሳይጠልቅ በጋ ይደርስበታል። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀድዳችሁ አውጡ። በዘመቻ ጊዜ ብዙ ሰው ለመፍጠን ሲል ከነላስቲኩ ይቀብረዋል፤ ሥሩ እዚያው ተጠማጥሞ ይቀራል፣ ችግኙም በሁለተኛው በጋ ይሞታል። ከታች የተጠመጠመ ሥር ካያችሁ ቁረጡት። የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ሆኖ አፈሩ ዙሪያውን ይረገጥ።

ከሁሉ በላይ አጥር። በደቡብ ጎንደር አድባራት ደን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከብት የሚገባበት ደን ውስጥ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከሥሩ ተተኪ አይበቅልም፤ የበቀለው ይበላል፣ ይረገጣል። ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ በካብ ቢዞርበት ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይጠበቃል። ካቡ ከቆመ አብዛኛውን እግዚአብሔር ራሱ ያበቅለዋል፤ ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከችግኙ ካቡ ይቅደም።

ችግኙን ራሳችሁ ካፈላችሁ ደግሞ ጽድና ወይራ አዝጋሚ ስለሆኑ ዘሩ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይዘራ። የወይራው ፍሬ ሥጋው ታጥቦ፣ ጠንካራው ቅርፊት ውስጡ ሳይጎዳ ሰንጠቅ ቢደረግ ቶሎ ይበቅላል። ጽድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው፤ ፍሬው የጠቆረውን ሴቴ ፈልጉ። ብዙው ዘር ባዶ ስለሚሆን ታጥቦ ውኃ ውስጥ ይጨመር፣ የተንሳፈፈው ይጣል።

የመጀመሪያውን በጋ ያለ ውኃ አያልፍም። እያንዳንዱ የማኅበር አባል አምስት ችግኝ ይረከብና በሳምንት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ እስከ 10 ሊትር ያጠጣ። ሣር ጎዝጉዙበት፤ ግንዱን ግን አይንካው፣ ምስጥ ይጠራል። የጸደቀው የሚቆጠረው በሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ በመስከረም ሁሉም አረንጓዴ ነው።

በቅጽሩ የሚበዛው የሲሚንቶ መቃብርም ያሳስበኛል። ሲሚንቶ የለበሰ መሬት ዘር አይቀበልም። ለሟች መታሰቢያ አንድ ዝግባ ወይም ኮሶ ቢተከል ቤተ ሰቡ ያከበረው እንጂ የናቀው አይደለም። የጠበል ሃይላንድም እዚያው አይጣል፤ ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ።

ከመቆፈራችሁ በፊት ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው አመልክቱ። ታቦቱ ዑደት የሚያደርግበት መንገድ፣ ወደ ቤተልሔም (የቅዳሴው ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ቤት) የሚወስደው መተላለፊያና የመቃብሩ ቦታ ተለይቶ ይታወቅ፤ ትልቅ የሚሆን ዛፍም ከሕንፃው ይራቅ። ከአምስቱ ችግኝሽ ሁለቱን ለልጆችሽ ስጪ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ያጠጡ።