ዲስኩን ከመግዛትሽ በፊት ሞዞውን አስጠርጊ

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን ትናንት ለጠየቀችው ጥያቄ ብዙ ሰው «ኦሪጅናል ግዢና ተገላገይ» ብሎ አልፏል። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ በኮሮላ ከአዳማ አሰላ ትመላለሳለች፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ መሪው ያርገፈግፋል። አምና የፊት ሁለቱን የፍሬን ዲስክ (ከጎማው ጋር እየዞረ ፍሬኑ የሚይዘውን ክብ ብረት) አስቀይራ ጥቂት ወራት ሰላም አገኘች፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። አሁን መካኒኳ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ይቀየር» ይላታል፤ ሌላው ደግሞ «ቶርኖ ይላጥ»፣ ማለትም ፊቱ በብረት መላጫ ማሽን ይስተካከል፣ ይላል። ላስቀይር ወይስ ላስልጥ፣ ከገዛሁስ የቱን ነው የምትለው።

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ እኔን የያዘኝ «ተመልሶ መጣ» የሚለው ነው። እዚሁ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት የእግርና የፍሬን ሥራ ሠርቻለሁ፤ አዲስ ዲስክ ገብቶ በጥቂት ወር ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ግን እንለይ። ፍሬን ሳትይዢ በ80 እና በ100 መካከል የሚያርገፈግፍ ከሆነ የጎማ ባላንስ ወይም የተጎዳ ቸርኬ ነው፤ ዲስክ ላይ ገንዘብ አታባክኚ። ፍሬን ስትይዢ ብቻ ሆኖ መሪው ላይ ከመጣ የፊት ዲስክ ነው። መሪው ሰላም ሆኖ ወንበርሽ ሥር ከተሰማሽ ወደ ኋላው ታምቡሮ (ከበሮ መሰሉ የኋላ ፍሬን) ሂጂ። ያረጀ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ) ካለሽ ደግሞ ትንሿን ንዝረት አጉልቶ ያመጣዋል፣ እሱንም ያዩልሽ።

አሁን ወደ ዋናው። ዲስኩ የሚቀመጠው ሞዞው ላይ ነው። ሞዞ ማለቴ የጎማው ቡሎኖች የወጡበት፣ ከኩሽኔታው (ጎማው ከሚዞርበት ቤሪንግ) ጋር አብሮ የሚዞረው ጠፍጣፋ ብረት ነው። በሱና በዲስኩ መካከል ዝገት ወይም አፈር ከቀረ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ሲዞር ጠርዙ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዛወዛል። በቶዮታ ትንንሽ መኪኖች የሚፈቀደው ውዝዋዜ ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ብቻ ነው። የዲስኩ ስፋት ከሞዞው ፊት ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ሞዞው ዳር ላይ የቀረች የ0.03 ሚሊ ዝገት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ እሷም ወደ እጥፍ ትጠጋለች። በዓይን የማትለይ ቆሻሻ ብቻዋን ከልክ አሳለፈችው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሰማሽም፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ፍሬን ባትይዢ እንኳ ወጣ ያለችው ቦታ በየዙሩ ሸራውን (ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨምቀውን) ነካ እያደረገች ታልፋለች። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ወይ ዲስኩ እዚያች ላይ ይሳሳል፣ ወይ የሸራው ዱቄት ተጋግሮባት ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ፍሬን ስትይዢ ወፍራሙ ሲያልፍ ሸራውን የሚጫነውን ፒስተን ይገፋል፣ ስሱ ሲያልፍ ይለቃል። መሪሽ ላይ የሚመታው ይኸው ነው። የውፍረቱ ልዩነት በ0.01 እና በ0.02 ሚሊ ደረጃ ስለሆነ ዲስኩን በእጅ ዳብሶ «ደህና ነው» የሚል ሰው ምንም አልነገረሽም።

አምና ዝገቱ ሳይጠረግ አዲሱ ዲስክ ላዩ ላይ ተጭኖ ከሆነ ዘንድሮም ውድ የተባለውን ብትገዢ ጉልቻ ቢቀያየር ነው። መካኒኩን ለመኮነን አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ጥድፊያ አለ፣ ባለመኪናውም ደጅ ቆሞ «አለቀ?» ይላል።

ስለዚህ ቆመሽ አሠሪ። ዲስኩ ሲወጣ ጎንበስ ብለሽ ሞዞውን ተመልከቺ። በየቡሎኑ ሥር ዙሪያ ቡናማ ቅርፊት ታያለሽ። ላይ ላዩ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፤ ከሥሩ ያለው ግን ድርቅ ያለ ነው፣ በጨርቅ ጠረግ ተደርጎ የሚቀረውም እሱ ነው። የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ይፈልጋል፤ በተለይ ቡሎኖቹ ከብረቱ በሚወጡበት ጥግ፣ እንዲሁም የዲስኩ መሃል ቀዳዳ በሚገባበት አንገት ላይ። ብረቱ አመድማ ሆኖ ጣትሽ ሲንሸራተትበት የትም ካልተያዘ ነው ጠራ የሚባለው። በማሽን አይፋቅ፣ ሞዞው ራሱ ከተበላ ሌላ ጣጣ ነው። አሮጌው ዲስክ ተመልሶ የሚገባ ከሆነም የውስጥ ፊቱ እንደዚያው ይጠረጋል።

ስለ አወጣጡ አንድ ነገር ልጨምር። ዲስኩ ዝጎ ሞዞው ላይ ሲጣበቅ መዶሻ የሚያነሳ አለ። በብዙ ቶዮታ ዲስኮች ላይ፣ ከጎማው ቡሎኖች መካከል፣ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ባለ 8 ሚሊ ቡሎን፣ በ12 ቁልፍ የሚታሰረው፣ ሁለቱም ላይ ገብቶ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ሲጠብቅ ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ኩሽኔታ ከወር በኋላ መጮህ ሲጀምር «ዲስኩ ነው» እንዳይሉሽ።

ቀጥሎ ልኬት። ዲስኩ ላይ፣ ብዙ ጊዜ መሃሉ አካባቢ ወይም ጠርዙ ላይ፣ «ሚን» ከሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ቁጥር ተቀርጿል፤ ከዚያ በታች ከሳሳ ይጣላል። አዲሱ 22 ሚሊ ቢሆን ለምሳሌ ዝቅተኛው 20 አካባቢ ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚበላው ያን ያህል ብቻ ነው። ማይክሮሜትር ከጠፋ በካሊብሮ (ባለ መንጋጋ መለኪያ) ይለካል፣ ግን ጠርዙ ላይ ሸራ ያልነካው ከንፈር ስላለ የካሊብሮው መንጋጋ እሱ ላይ ተቀምጦ ወፍራም አድርጎ ያሳያል። መላው ቀላል ነው፦ ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም በዲስኩ ግራና ቀኝ ከከንፈሩ ገባ አድርጎ ይዞ አብሮ መለካት፣ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲም ውፍረት መቀነስ። ዙሪያውን ቢያንስ አራት ቦታ ይለካ።

ላስልጥ ወይስ ልቀይር ላልሽው መልሱ ከዚህ ቁጥር ነው የሚመጣው። በምሳሌው ከሄድን 21.5 ሚሊ ላይ ያለ ዲስክ በሁለቱም ፊት ስስ ተላጦ 21 አካባቢ ቢቀር ገና ይሠራል፤ እኔ ብሆን አስልጠው ነበር። 20.5 ላይ ከሆነ አላስልጠውም። ተላጦ ለጊዜው ልስልስ ይላል፣ ግን የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት የለውም፣ የአሰላን ቁልቁለት ሁለቴ ሲወርድ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወደ ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ካለው ውፍረቱን መለካትም አያስፈልግ፣ ይጣል። ተራ ጭረት ግን አያስደንግጥሽ፤ የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ ሸራ መሃል ገብቶ ሁሉንም ዲስክ ይጭራል። ቶርኖ ቤትም ቢሆን ዲስኩን የሚያስሩበት ፊት ካልጠራ የላጡት ራሱ ጠማማ ይሆናል፣ ብሩሽሽን ይዘሽ ሂጂ።

የሚገዛ ከሆነ የሻንሲ ቁጥርሽንና አሮጌውን ዲስክ ይዘሽ ሱቅ ግቢ። በአንድ ዓመት የተሠሩ ኮሮላዎች፣ አንዱ ከጃፓን አንዱ ከአውሮፓ ከመጡ፣ የተለያየ ስፋት ያለው ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል። ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የባርኔጣውን (ወጣ ብሎ ሞዞው ላይ የሚገባውን መሃሉን) ከፍታ፣ የቡሎን ቀዳዳውን፣ የመሃሉን ቀዳዳ ጎን ለጎን አስተያዪ። የመሃሉ ቀዳዳ ሞዞው አንገት ላይ ልክክ ብሎ ካልገባ አትቀበዪው።

ኦሪጅናል ወይስ ሌላ? ዲስክ በመሠረቱ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ጥሩ ጊዛ በልኩ የተላጠ ከሆነ የማንም ይሁን ይሠራል። አድቪክስ፣ ብሬምቦ፣ ቦሽ፣ ቲአርደብሊው ጥሩ ስም ያላቸው ናቸው፣ ግን ካርቶን ማተም ቀላል ስለሆነ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዪ። ዝቅተኛ ውፍረቱ ተቀርጾበታል? በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለውን የአየር መተላለፊያ ከጎን ስታዪው ግራና ቀኙ ብረት እኩል ይወፍራል? ርካሹ ላይ አንዱ ፊት ከሌላው ስስ ሆኖ አግኝቻለሁ፣ እንዲህ ያለው ሲሞቅ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሁለቱን በሁለት እጅሽ አንሺና ክብደታቸው መራራቁን ፈትሺ። ቀዳዳ የበዛበትና ጭረት የተቀረጸበት የውድድር ዓይነት ለዕለት መኪና አያስፈልግም፤ የተበሳሳው ደግሞ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የተፈታ ዲስክ ማምጣትን አልቃወምም፣ ልኬቱ ግን ያው ነው፤ ሳይለካ አይገዛም። ሁልጊዜ ግራና ቀኙ በአንድ ላይ ይቀየራል፣ ከአዲስ ሸራ ጋር።

አዲስ ዲስክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። በፍሬን ማጽጃ፣ ከጠፋ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። በናፍጣ የሚያብሱ አሉ፣ ናፍጣ ራሱ ቅባት ነው፣ ሸራው ጠጥቶት ይቀራል።

ሲገጠም ካሊፐሩ (ሸራውንና ፒስተኑን የያዘው) በዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል አይተዉት፣ በሽቦ ይታሰር። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወጥተው ይጠረጉ፤ አንዱ ከደረቀ አንድ ሸራ ብቻ ይሠራና ዲስኩ በአንድ ወገን ይጋገራል። የሚቀባው ለጎማ የሚስማማ የሲሊኮን ቅባት ነው። ተራ ግራሶ የፒኑን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ይህን ስንት ሰው ደጋግሞ ሲያደርግ አይቻለሁ። ፒስተኑ ከመገፋቱ በፊት የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ይታይ፣ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል።

ዲስኩ ከተቀመጠ በኋላ ዳዶዎቹ (የጎማው ቡሎን ማሰሪያዎች) ታስረው ውዝዋዜው በኮምፓራቶር (ባለ ሰዓት መለኪያ) ይለካ፣ ቶርኖ ቤቶች ዘንድ አይጠፋም። ከ0.05 በላይ ከሆነ ዲስኩን አውጥቶ በአንድ ቡሎን አዙሮ መልሶ መሞከር ነው። ቡሎንሽ አራት ከሆነ አራት፣ አምስት ከሆነ አምስት ዕድል አለሽ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ ይስተካከላል፣ ወጪውም የመካኒኩ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ጎማው ሲታሰር በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በእጅ። ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በኪሎ 10.5። ጎሚስታ ቤት በአየር መፍቻው አንዱን ዳዶ ጠርቅሞ ሌላውን ላላ አድርጎ ሲተወው ዲስኩ ራሱ ይወጠራል፤ ጎማ ለማስጠገን ገብተሽ የፍሬን ችግር ይዘሽ የምትወጪው እንዲህ ነው። ጎማ ባስፈታሽ ቁጥር የመጨረሻዋን ማጥበቅ በእጅ አሠሪ። ከጋራዥ ሳትወጪ በፊት ደግሞ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመሽ ርገጪው፤ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው የሚወርደው።

ከዚያ አዲሱን ዲስክና ሸራ ማለማመድ አለ። ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከባጃጅ ግርግር ወጥተሽ፣ ከ60 ወደ 10 ያህል እያበረድሽ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ያዢ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኪ ትንሽ ነድተሽ ይቀዝቅዝ። ፈጣን መንገዱ ላይ እንዳትሞክሪው፣ ከኋላሽ ያለው ከባድ መኪና ምን እንደምትሠሪ አያውቅም።

አሰላ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ አዳማ ከሱ በ700 ሜትር ገደማ ያንሳል። ከአንድ ቶን በላይ የሆነ መኪና ያንን ሁሉ ሲወርድ ጉልበቱ የሆነ ቦታ ሙቀት መሆኑ አይቀርም፤ ዲስክሽ ላይ እንዳይሆን ማርሽ ቀንሺና ሞተሩ ይያዘው። አውቶማቲክ ከሆነ «2» ላይ አድርጊው። እግርን ፔዳል ላይ ጥዶ ከመውረድ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። አዳማ ስትገቢ በጋለ ፍሬን መብራት ላይ አጥብቀሽ ይዘሽ አትቁሚ፣ ሸራው ያረፈበትን ቦታ ዲስኩ ላይ አትሞ ይተዋል። ከመንገድ ቀጥታ ላቫጆ ገብተሽም ቀዝቃዛ ውኃ አታስረጪበት። የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈው ይቀየር፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፔዳል የሚለሰልሰው ያኔ ነው።

የኋላ ታምቡሮሽም ይስተካከል። የፊቱ ዲስክ ድሮም 70 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ሥራ ይሠራል፤ የኋላው ከላላ ቀሪውንም ይሸከማል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦባችኋል። ሞተሩ ስለሚያበርድላችሁ ዲስኩ ከመሳሳት ይልቅ ዝጎ ነው የሚያልቀው፤ አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ።

እህቴ፣ አሁን ምንም አትግዢ። አስፈትተሽ ሞዞውን አስጠርጊ፣ አስለኪ፤ ዲስኩ ላይ የተቀረጸውንና የተለካውን ቁጥር፣ ከተቻለ ከሞዞው ፎቶ ጋር፣ እዚሁ ለጥፊው። ይላጥ ወይስ ይቀየር የሚለውን ያኔ በቁጥሩ እንነጋገራለን።