«ጂፒአይኦ 4» እና 4 ቁጥር ፒን አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ ለዕንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን የሙቀት መከታተያ እየሠራሁ ነው። ውኃ የማያስገባውን ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ራስቤሪ ፓይ 4 ከተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቻለሁ። ቀዩን የኃይል ሽቦ 1 ቁጥር ፒን (መሰኪያ እሾህ) ላይ፣ ጥቁሩን የግራውንድ (የዜሮ ቮልት) ሽቦ 6 ቁጥር ላይ፣ ቢጫውን የመረጃ ሽቦ ደግሞ መመሪያው እንደሚለው 4 ላይ ሰክቻለሁ። የፓዩ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ግን በ28 የሚጀምር ስም በማሳየት ፈንታ በ00 የሚጀምሩና በየጊዜው የሚለዋወጡ ስሞችን ይደረድራል። ሴንሰሩ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ የተቃጠለ አይመስለኝም፤ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ቢጫውን ሽቦ ይመልከቱልኝ። መመሪያው «4» ያለው ጂፒአይኦ 4 የተባለውን የፕሮሰሰሩን መስመር ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቦርዱ ላይ ካሉት 40 ፒኖች በቆጠራ አራተኛውን ያዙ። በቆጠራ 4ኛው ፒን የ5 ቮልት መስጫ ሲሆን፣ ጂፒአይኦ 4 የሚገኘው 7ኛው ፒን ላይ ነው። ስለዚህ ፓዩ ሴንሰሩን በሚጠብቅበት መስመር ላይ ምንም ነገር አልተሰካም፤ በ00 የሚጀምሩት ስሞችም ከባዶ መስመር የተነበቡ፣ በእውን የሌሉ መሣሪያዎች ናቸው። 28 የዚህ ሴንሰር ዓይነት መለያ ስለሆነ፣ እውነተኛው ሲገኝ ስሙ በዚሁ ይጀምራል። ሴንሰሩ እስከ 5.5 ቮልት የሚችል በመሆኑና ትእዛዝ ሳይደርሰው መስመሩን ወደ ግራውንድ ስለማይስብ፣ ቢጫው ሽቦ 5 ቮልት ላይ መቆየቱ ጉዳት አላደረሰበትም ብዬ እገምታለሁ። የፓዩ የጂፒአይኦ ፒኖች ግን የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው፤ ስሕተቱ በተቃራኒው ሆኖ 5 ቮልት ወደ አንዳቸው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፓዩ ነበር።

ፓዩን አጥፍተው ኃይሉን ከነቀሉ በኋላ ፒኖቹን እንደገና ይቁጠሩ። 1 ቁጥር በኤስዲ ካርዱ በኩል ባለው ጫፍ፣ በውስጠኛው ረድፍ ላይ ያለው ነው፤ ቦርዱን ገልብጠው ቢያዩ የእርሱ ብየዳ ከሌሎቹ በተለየ አራት ማዕዘን ነው። ጎዶሎ ቁጥሮች በሙሉ በውስጠኛው ረድፍ፣ ሙሉ ቁጥሮች በቦርዱ ጠርዝ በኩል ይሰለፋሉ። እኔ ሁልጊዜ ቀዩን 1 ላይ፣ ቢጫውን 7 ላይ፣ ጥቁሩን 9 ላይ እሰካለሁ። ሦስቱም በውስጠኛው ረድፍ ስለሚውሉ፣ ሁለቱም የ5 ቮልት ፒኖች ወዳሉበት ወደ ውጭኛው ረድፍ እጄን የሚወስድ ምክንያት አይኖረኝም።

በጥያቄዎ ውስጥ ስለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) አንድም ቃል አለመኖሩ ሌላው ያሳሰበኝ ነገር ነው። በዚህ አሠራር ሴንሰሩም ሆነ ፓዩ መስመሩን ወደ ግራውንድ ይስቡታል እንጂ ወደ ላይ አይመልሱትም፤ መስመሩን ወደ 3.3 ቮልት የሚመልሰው በቀዩና በቢጫው ሽቦ መካከል የሚገባ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ቀለሞቹ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይና በመጨረሻ ወርቃማ ናቸው። በፓዩ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ይበቃል የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይስሙት፤ እርሱ 50 ኪሎ ኦም አካባቢ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከአሥር እጥፍ በላይ ደካማ ነው።

ቢጫውን 7 ላይ ከመስካትዎ በፊት ቀዩን፣ ጥቁሩንና ሬዚስተሩን ብቻ አገናኝተው ፓዩን ያብሩና በቢጫውና በጥቁሩ መካከል በቴስተር ይለኩ። ወደ 3.3 ቮልት ካነበበ ፓዩን አጥፍተው ይስኩት። 5 ካነበበ ሬዚስተሩ የተገናኘው ከ5 ቮልት ጋር ስለሆነ በፍጹም አይስኩ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሬዚስተሩ ቀዩን አልነካም ማለት ነው። የሴንሰሩ ብረት ጣት እስኪያቃጥል ከጋለ ደግሞ ኃይሉና ግራውንዱ ተቀያይረዋል፤ የሽቦዎቹ ቀለም በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ ስላልሆነ ይህ ይደርሳል።

የሶፍትዌሩ ሥራ አጭር ነው። ራስፒ-ኮንፊግ የተባለውን ማዋቀሪያ ከፍተው ኢንተርፌስ ኦፕሽንስ በሚለው ሥር ዋን-ዋየር (ሴንሰሩ በአንድ የመረጃ ሽቦ ከፓዩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) መብራቱን ያረጋግጡና ፓዩን እንደገና ያስነሱት። በ28 በሚጀምረው ማህደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሲያነቡ ሁለት መስመሮች ይመጣሉ። የመጀመሪያው «የስ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ካበቃ ንባቡ በመንገድ አልተበላሸም፤ በሁለተኛው መጨረሻ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ 37562፣ ለ1000 ሲካፈል 37.562 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሆናል።

አንድ ቁጥር ግን «የስ» ቢልም አይመኑት፤ እርሱም 85000 ነው። ሴንሰሩ ኃይል ባገኘ ቁጥር መለካት ሳይጀምር በውስጡ የሚይዘው መነሻ ቁጥር ይህ ስለሆነ፣ ቀዩ ሽቦ ላልቶ ኃይሉ ለቅጽበት ሲቋረጥ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ራሴ በጻፍኩት ፕሮግራም ይህን ቁጥር ሳላጣራ በመቅረቴ፣ አንድ ሌሊት ፕሮግራሙ ሣጥኑ 85 ዲግሪ የደረሰ መስሎት ማሞቂያውን አጥፍቶ አድሯል፤ ጠዋት ስደርስ ዕንቁላሎቹ በእጄ ላይ ቀዝቃዛ ነበሩ። ፕሮግራምዎ 85ን ጥሎ ከአንድ ሰከንድ በኋላ እንደገና ይጠይቅ፤ ሴንሰሩ በሙሉ ጥራት አንድ ጊዜ ለመለካት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል።

የሴንሰሩ ስሕተት እስከ ግማሽ ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል አምራቹ ይገልጻል። ይህ ለክፍል ሙቀት ምንም ባይሆንም፣ 37.5 ዲግሪ ገደማ ለሚፈልግ ዕንቁላል ብዙ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን ከሰው ትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ጋር አብረው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይንከሩና፣ ውኃውን እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሁለቱን ያነጻጽሩ፤ ያገኙትን ልዩነት በፕሮግራሙ ውስጥ ይደምሩ ወይም ይቀንሱ።