«ልጄ የኦንላይን ፈተናውን አለፈ፤ ታዲያ ኤፍኤኤስዲ የለበትም ማለት ነው?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጉዲፈቻ የምታሳድጊው የ9 ዓመት ልጅ በኢንተርኔት የማስታወስና የትኩረት ፈተና ወስዶ «ከእኩዮቹ ጋር ተመጣጣኝ» የሚል ውጤት መጣለት። ቤት ውስጥ ግን ትናንት የሠራውን ሒሳብ ዛሬ አያውቀውም፣ ትንሽ ነገር ሲለወጥበት ይፈነዳል። ወላጅ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ትጠጣ እንደነበር ሰምተሻል።

መልሴ አጭር ነው፤ የለበትም ማለት አይደለም። አለበት ማለትም አይደለም። ኤፍኤኤስዲ በእርግዝና ጊዜ የተጠጣ አልኮል በፅንሱ ላይ የሚያደርሳቸው ጉዳቶች ሁሉ የወል መጠሪያ ነው። በወረቀትም ይሁን በስክሪን፣ አንድ ፈተና ለብቻው አይለየውም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የካናዳ የምርመራ መመሪያ ለምሳሌ ከአእምሮ ጋር የተያያዙ 10 ዘርፎችን ይዘረዝራል። ቢያንስ በ3ቱ ላይ ከባድ ጉድለት መታየት አለበት ይላል። ከባድ የሚባለው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አማካዩ 100 በሆነ የችሎታ ፈተና 70 ወይም ከዚያ በታች እንደማለት ነው። ከእነዚህ ዘርፎች ልጅሽ የወሰደው ፈተና የነካው ሁለቱን ብቻ ነው። ስሜትን መቆጣጠርስ? ከሰው ጋር መኖርስ? እነዚህን ማውዝ በመጫን መለካት አይቻልም።

ደግሞ ብዙዎቹ ኤፍኤኤስዲ ያለባቸው ልጆች አጠቃላይ የችሎታ ውጤታቸው ከ70 በላይ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የፈተናው ክፍል ጸጥ ያለ ነው፣ ትእዛዙ አጭር ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ኑሮ እንደዚያ አይደለም። «ጫማህን አድርግ፣ ደብተርህን ያዝ፣ ውጣ» ሲባል ሦስቱንም በጭንቅላት ይዞ በቅደም ተከተል መፈጸም፣ ያውም ወንድሙ እየጮኸ፣ ሌላ ችሎታ ነው።

እኔ የማሳድጋት ልጅ አሁን አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናት፤ ኤፍኤኤስዲ እንዳለባት የተረጋገጠው ዘግይቶ ነው። እሷም በኮምፒውተር ተፈትናለች፤ ልዩነቱ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በቪዲዮ እያየቻት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበረች። የፈተናው ሕግ ሲቀየር ግን፣ ማለትም በቀለም ስትለይ ቆይታ በቅርጽ ለዪ ስትባል፣ በአሮጌው ሕግ ቀጠለች። የሚያስገርመው፣ አዲሱን ሕግ ስትጠየቅ በቃሏ ትናገረዋለች! እጇ ግን አይታዘዝም። አማካዩን ብቻ ብናይ ኖሮ ይሄ አይታይም ነበር። ባለሙያዋ ግን አየችው፣ መዘገበችውም። ለእኔ ከነጥቡ ይልቅ የጠቀመኝ ይሄ ማስታወሻ ነው። ከዚያ በኋላ «ሆን ብላ ነው» ማለት ቀረ።

ስለዚህ የኦንላይን ፈተና አልጠላም። ሩቅ ላለ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፣ ለቅድመ ልየታም ይረዳል። ግን የሚያነበው ሰው ይኑር። ሰው የማያየው ነጥብ ብቻ የሚሰጥሽ ከሆነ በእኔ ግምት ብዙም አይረባም፤ «አንጎል እናሠለጥናለን» እያለ ገንዘብ የሚጠይቀውንማ እለፊው።

የምትደግሚው ከሆነ ልጁ ሳይደክም፣ ከእንቅልፍ በኋላ ይሁን። ዓይኑና ጆሮው ቀድሞ ይታይ። ፍጥነት የሚለካ ከሆነ ደካማ ኢንተርኔትና ያረጀ ታብሌት ውጤቱን ያበላሻሉ። አጠገቡ ተቀምጠሽ «እስቲ ደግመህ እየው» አትበይው፤ ያኔ የሚለካው አንቺን ነው። ያንኑ ፈተና ቶሎ ቶሎ አታስደግሚ፣ ልምምዱ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል። ፈተናው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ ውጤቱም ከየትኞቹ ልጆች ጋር እንደተነጻጸረ ጠይቂ። በሁለተኛ ቋንቋው የተፈተነ ልጅ ዝቅ ቢል አይገርምም።

ከፈተናው ጋር የዕለት ኑሮ ችሎታ መጠይቅ እንዲሞላ ጠይቂ፤ ቫይንላንድ የሚባለው አንዱ ነው። የሚመልሰው ልጁን የሚያሳድገው ሰው ነው። የልጅሽ ችግር የሚወጣው እዚያ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትኩረት ማጣትና ችኮላ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ባለባቸውም፣ ከባድ የልጅነት ጉዳት ባለፈባቸውም ይታያሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም አብረው ይመጣሉ። ፈተናው እናቱ መጠጣቷን ሊያውቅ አይችልም። ሐኪሞች የሚፈልጓቸው ሦስቱ የፊት ምልክቶች፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር አጭር የሆነ የዓይን ክፍተት፣ በአፍንጫና በላይ ከንፈር መካከል ያለው ቦይ ጠፍቶ ልሙጥ መሆኑና ስስ የላይ ከንፈር፣ በብዙዎቹ ልጆች ላይ አንድ ላይ አይገኙም። ምልክቶቹ ሳይሟሉ ሲቀር ሐኪሞች በእርግዝናው ጊዜ አልኮል እንደነበር ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሰማሽውን ከማን፣ መቼ እንደሰማሽ ጽፈሽ ያዢ። የጉዲፈቻ ፋይሉን፣ የልደት ክብደቱንና የጭንቅላቱን ልክ የሚያሳይ ወረቀት ካለም ጠይቂ። ቀጠሮ ስትሄጂ የፈተናውን ውጤት ከነዝርዝሩ አብረሽ ውሰጂው።