ሌዘሬ 10 ሚሊ ላይ ለምን ይሰንፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ኮምቦልቻ ትንሽ የማስታወቂያ ቤት አለችኝ፣ በሲኦቱ (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ) ሌዘር ማሽን ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ ጣውላና አክሪሊክ ፕላስቲክ እቆርጣለሁ። 3 ሚሊ ውፍረት ላይ ምላጭ ነው፣ 10 ሚሊ ሲሆን ግን ጠርዙ ሰያፍ ይወጣል፣ ይጠቁራል። ሌንሱን በአዲስ ቀየርኩት ያው ነው። ቤሰል የሚባል ረጅም ቀጭን ጨረር አለ ሲሉ ሰማሁ፣ ለኔ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ማሽንህ አልተበላሸም። ብርሃን ሞገድ ነው፣ ሞገድን ደግሞ ባጠበብከው ቁጥር ቶሎ ይበተንብሃል። ያንተ ሌዘር የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ነው፣ ፎከሱን፣ ማለትም ጨረሩ የሚጠብበትን ነጥብ፣ 0.1 ሚሊ ስፋት ካደረግከው ቀጭን ሆኖ የሚቆይልህ ወደ 1.5 ሚሊ ጥልቀት ብቻ ነው። 0.2 ብታደርገው ግን ጥልቀቱ 4 እጥፍ ያድግና 6 ሚሊ ይጠጋል፣ የ2 ኢንቹን ሌንስ በ4 ኢንች ስትቀይር (ኢንቹ ከሌንሱ እስከ ፎከሱ ያለው ርቀት ነው) የሚሆነው ይሄ ነው፣ አዲስ የገዛኸው እንደድሮው ከሆነ ምንም አይለወጥም።

ቤሰል ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። አክሲኮን የሚባል ሌንስ አለ፣ በፈረንጆቹ 1954 ማክሊዮድ የሚባል ሰው ነው ስም ያወጣለት፣ ቅርጹ እንደ መሶብ ክዳን ሾጣጣ ነው፣ ብርሃኑን ከዙሪያው እኩል አዘንብሎ ወደ መሃል ይልከዋል፣ ሞገዶቹም መሃል ላይ እየተገናኙ ስለሚደጋገፉ ፎከሱ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ረጅም መስመር ይሆናል። 1987 ላይ ደርኒን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የቤሰልን ጨረር በላብራቶሪ አሳዩት። መሃሉን በትንሽ ነገር ብትጋርደው እንኳን ትንሽ ራቅ ብሎ መልሶ ይገጥማል፣ የቦርከና ወንዝ ድንጋዩን በግራ በቀኝ ዞሮ ከታች እንደሚገናኘው ማለት ነው፣ ምክንያቱም የመሃሉ ብርሃን ሁሌም ከጎን ነው የሚመጣው። አሁንማ ሌንስ መቅረጽም ሳያስፈልግ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ላይ ቅርጹን እንደፈለጉ ይቀያይሩታል።

ችግሩ ዙሪያውን ቀለበቶች አሉት፣ እያንዳንዱ ቀለበት የመሃሉን ያህል ጉልበት ይወስዳል፣ 10 ቀለበት ካለ መሃሉ የሚደርሰው 11ኛ እጁ ነው። መስታወት የሚቆርጡት በጣም አጭር ምት ባለው ሌዘር ስለሆነ መስታወቱን የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው፣ ቀለበቶቹ ምንም ሳያደርጉት ያልፋሉ። ያንተ ኤምዲኤፍ ግን የደረሰውን ሁሉ ይጠጣል፣ ዙሪያውን ያጠቁርብሃል።

ስለዚህ 4 ኢንች ሌንስ ግዛ፣ ፎከሱን የጣውላው ውፍረት መሃል አካባቢ አድርገው፣ አንዴ አይበቃም ካለህ ድገመው። በርካሽ አገኘሁ ብለህ ደግሞ የመስታወት አክሲኮን እንዳትገዛ፣ ያንተ ጨረር በመስታወት አያልፍም፣ ሌንሱን ራሱን ነው የሚያግለው።