ቢላውን ወደ ኩሽና መልሺው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገዛነው ቤት ሳሎኑ ከላይ እስከ ታች ዎልፔፐር ነው። የቀድሞው ባለቤት ያስለጠፉት ነው። ጠርዙ ተነስቷል፤ በመስኮቱ በኩልም ጠቁሯል። ለእንቁጣጣሽ ቀለም ላስቀባ ብዬ በቢላ ስፍቀው ስቱኮው አብሮ ተገነጠለ። ምን ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቢላውን ወደ ኩሽና መልሺው። ለግድግዳ የሚሆነው ሰፊ ስፓቱላ ነው። እሱንም አስተኝተሽ ነው የምትገፊው።

ከዚያ ከሶፋው ጀርባ፣ እንግዳ የማያየው ጥግ ላይ አንድ ጫፍ ሳቢ። ጀርባው እንደ ስቲከር የሚያጣብቅ ከሆነ በውሃ አትልፊ። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሽ ቀስ ብለሽ ላጪው። በኮላ የተለጠፈ ከሆነ ግን የላዩ ፕላስቲክ ይላጥና ከሥሩ ስስ ወረቀት ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አለቀ» ብሎ ይቀባል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ መኝታ ቤት እንዲያ ቀብቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። በራሴ ኪስ ደገምኩት።

ወረቀቱን ለብ ባለ ውሃ አርጥቢው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጊበት። በስፖንጅ ይሁን፤ በተለይ ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ብዙ ውሃ አይወድም። ሶኬቶቹ ጋ ከመድረስሽ በፊት ቆጣሪ አጥፊ። ሩብ ሰዓት ታገሺና ግፊው። እምቢ ካለ ድገሚው እንጂ አትታገይው። ሲያልቅ ግድግዳውን በእርጥብ መዳፍሽ ዳሰስ አድርጊ። ካሙለጨለጨሽ ኮላው አለቀቀም፤ እንደገና እጠቢ።

አክስቴ የጭቃ ቤቷን ግድግዳ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ትለጥፍበት ነበር። ፊደል የለየሁት እዚያ ላይ ነው። ያን ለማንሳት እርጥብ ጨርቅ ይበቃ ነበር። የዛሬው ኮላ እልኸኛ ነው።

ጥቁሩ ሻጋታ ነው። መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጊው። አደራ፣ ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅይ! መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ደግሞ የመስኮቱን ዙሪያ ከውጭ አሳዪ። ውሃ የሚያስገባው ስንጥቅ ካልተደፈነ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል።

ስለ እንቁጣጣሹ ቅር እንዳይልሽ። በነሐሴ ዝናብ የራሰ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም። መላጡን አሁን ጨርሺ፤ ስቱኮና ቀለሙ ከመስቀል በኋላ ይሁን። ዘንድሮ ዶሮውን ባልተቀባ ሳሎን ብሉት።