በዱቤ የተሸጠ መፍቻ ትርፉ የት ነው?

ልጆቼ፣ አሜሪካ ውስጥ በመኪና ጋራዥ ለጋራዥ እየዞሩ መፍቻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ መሸጥ ለምታስቡ የምነግራችሁ አለ። ስናፕ-ኦን፣ ማትኮ፣ ማክ ቱልስና ኮርንዌል የተባሉት የመሣሪያ ኩባንያዎች ዕቃቸውን ለመካኒኮች የሚያዳርሱት በአብዛኛው በፍራንቻይዝ፣ ማለትም በኩባንያው ስም ለመነገድ ውል በገባ ነጋዴ (ዲለር) በኩል ነው። ዲለሩ የኩባንያው ተቀጣሪ አይደለም፤ ዕቃውን በቅናሽ ገዝቶ፣ የመኪናውን፣ የነዳጁንና የኢንሹራንሱን ወጪ ችሎ ለራሱ ይነግዳል።

መካኒኩ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዋጋውን ቆጥሮ አይሰጥም። በዲለሩ ዱቤ ወስዶ፣ ያለ ወለድ በየሳምንቱ ይከፍላል። እስቲ አስሉት። በ70 ዶላር የገዛችሁትን ዕቃ በ100 ሸጣችሁ፣ በሳምንት 10 ዶላር ተስማማችሁ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ክፍያዎች የራሳችሁ ገንዘብ ናቸው፤ ትርፉ ያለው በመጨረሻዎቹ ሦስት ላይ ነው። ሰውዬው አራት ጊዜ ከፍሎ ሥራ ለቅቆ ቢጠፋ 30 ዶላር ከኪሳችሁ ወጣ። ያንን ለመመለስ ሌላ የ100 ዶላር ዕቃ ሸጣችሁ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መሰብሰብ አለባችሁ።

ሽያጭ ሲያድግም ጥሬ ገንዘብ ሊያጥር ይችላል። በሳምንት 5,000 ሸጣችሁ 4,000 ብትሰበስቡ፣ ለዕቃው 3,500 ከፍላችሁ የሚቀራችሁ 500 ነው። የሳምንቱ ወጪ 700 ከሆነ በወረቀት አትርፋችሁ በእጅ 200 ጎደላችሁ። በብዙ ግዛቶች ደግሞ የሽያጭ ታክሱ የሚጠየቀው ደንበኛው ከፍሎ እስኪጨርስ ሳይጠበቅ ነው።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ አስቀድማችሁ ሰብስቡ፣ የተሰበረውን ለውጡ፣ አዲስ ዕቃ ማሳየት ከዚያ በኋላ ይምጣ። በየሳምንቱ በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት ድረሱ፤ አንድ ሳምንት ከቀራችሁ በሚቀጥለው የሁለት ሳምንቱን የሚከፍላችሁ ጥቂት ነው። አዲስ ደንበኛ በትንሽ ዱቤ ይጀምር፤ ሁለት ሳምንት ያልከፈለ ሌላ ዕቃ አይውሰድ። የአገር ልጅ ነው ብላችሁ ይህን አታላሉ! ትልቁን ቱል ቦክስ በራሳችሁ ዱቤ አትስጡ፣ በኩባንያው ብድር ይሂድ። ደንበኛው መክፈል ቢያቆም ግን ዕዳው ወደ እናንተ ይዞር እንደሆነ ውሉን አንብቡ።

የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው የእጅ መሣሪያ ሲሰበር በነጻ ትለውጣላችሁ። የተሰበረውን ለኩባንያው መልሳችሁ ካላስመዘገባችሁ የሰጣችሁት ከራሳችሁ ዕቃ ነው። የራቼት (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየያዘ የሚፈታ መፍቻ) ጥርስ ሲበላ ብዙ ጊዜ የውስጡን መለወጫ ኪት መግጠም ይበቃል።

ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ከመፈረማችሁም ሆነ ከመክፈላችሁ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ መግለጫ ሰነዱን እንዲሰጣችሁ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። የሰነዱ ክፍሎች ቁጥር አላቸው፤ ቁጥር 7 መነሻ ወጪውን ያሳያል። ቁጥር 19 ላይ ስለ ገቢ የተጻፈ ካለ፣ ሽያጭ ይሁን የተጣራ ትርፍ ለዩ። ቁጥር 20 ስንት ዲለር እንደገባና እንደወጣ ከነአድራሻቸው ይዟል። ለለቀቁት ደውሉና፣ ሲለቁ በየጋራዡ ስንት ዱቤ እንደቀረባቸው ጠይቁ። ከሻጩ ማብራሪያ ይልቅ የእነሱ መልስ ይጠቅማችኋል።

መነሻ ገንዘብ ለሌለው፣ በዲለር ሥር ተቀጥሮ እየነዱ መሸጥ የተሻለ ጅምር ይመስለኛል። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በተሸጠው ነው ወይስ በተሰበሰበው? የጠፋ ዕዳ ከደመወዝ ይቆረጣል? ሁለቱንም በጽሑፍ አስይዙ። ዋና ሥራው ውጭ እየዞረ መሸጥ የሆነ ሠራተኛ በፌዴራል ሕግ የዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት መብት ላይኖረው ስለሚችል፣ የግዛታችሁ ሕግ ምን እንደሚል ከመጀመራችሁ በፊት ለዩ።